ወንበር የዘረጋው ዳይሬክተር

«ቡሽ ማማ» ሲጀምር የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ እናያለን። የተጻፈ ትዕይንት ይመስላል፤ ማንም ግን አልጻፈውም። የሚፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው፤ ቀረጻ ላይ ሳሉ ፖሊስ ደረሰባቸው፣ ካሜራው ግን መቅረጹን አላቋረጠም። ዳይሬክተሩ ያን ምስል አልጣሉትም፤ የፊልሙ መግቢያ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የምናያት ዶሮቲ በዋትስ ሰፈር በመንግሥት ድጎማ የምትኖር፣ የምትወደው ሰው እስር ቤት የተወረወረባት እናት ናት። ገና ታሪኳ ሳይጀመር የምትኖርበት ከተማ በማን እጅ እንደሆነ አውቀናል። ይህን የሠሩት ኃይሌ ገሪማ በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ተማሪ ነበሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፊልሙን ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመዘገባቸው ሥራዎች ጋር ደመረው።

እኒህ ሰው በ1975 በዋሺንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማስተማር ጀመሩ፤ ለአሥርት ዓመታትም እዚያው ቆዩ። ስለ እሳቸው በተነሣ ቁጥር በአድናቂዎቻቸው ዘንድ የሚደጋገም አንድ ቁጭት አለ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው አገር ተማሪ ባያስተምሩ ኖሮ ስንት ፊልም ይሠሩልን ነበር ይባላል። ቁጭቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። የኃይሌን ፊልሞች የራሳቸው አድርጎ ያቆየላቸው የመምህርነቱ ሥራ ነው፤ ከዚያም አልፎ የመማሪያ ክፍሉ ራሱ ከሥራዎቻቸው እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል። በባዕድ አገር ፊልም ያስተማሩ ሌሎች ኢትዮጵያውያንን ሕይወት ስናይም ይኸው ነገር ይደገማል።

መነሻው ሩቅ ነው። የኃይሌ አባት ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቴአትራቸውንም በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። እናታቸው መምህርት ነበሩ። በ1967 ቲያትር ሊማሩ ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩ። የደረሱበት የፊልም ትምህርት ክፍል በተማሪዎች ግፊት ደጁን ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ ለእስያውያንና ለነባር ሕዝቦች ልጆች መክፈት የጀመረበት ወቅት ነበር። ኤሊሲዮ ቴይለር የተባሉ ጥቁር መምህር ይህን የሚያስተባብር ፕሮግራም መሥርተው ነበር። አዲስ የገባ ተማሪ ንድፈ ሐሳብ ተምሮ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ገና በመጀመሪያው የትምህርት ወቅት የራሱን አጭር ፊልም በስምንት ሚሊሜትር ጥቅል ጽፎ፣ ቀርጾ፣ ቆርጦና ቀጥሎ ያቀርባል። ገንዘብ ስለሌለ አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዛል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ መብራት ይሸከማል። «ቡሽ ማማ»ን ከቀረጹት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው፤ እሱም «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን የሠራው በዚያው ትምህርት ቤት የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ነው። ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቤን ካልድዌል፣ ቢሊ ውድቤሪ ሁሉም ከዚያ ክፍል የወጡ ናቸው። ተቺዎች በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» ብለው ስም ያወጡለት እንቅስቃሴ ይህ ነው። በዓለም የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ቦታ የያዘው ይህ ሁሉ ሥራ የተወለደው በስቱዲዮ ሳይሆን በትምህርት ቤት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኃይሌ ገና ከጅምሩ የተማሩት ፊልም መሥራትና ማስተማር የማይነጣጠሉበትን ኑሮ ነው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም የተማሪነት ዘመን ፍሬ ነው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ካሜራቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ጥቅል፣ ሙያተኛ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ይዘው፣ በአማርኛ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀረጹት። ጭሰኛው ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ሲለፋ፣ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝዝ፣ ልጅቷ የጌታዋን ላም ለማዳን ጎርፍ ገብታ ስትቀር እናያለን። ፊልሙ አይቸኩልም። ገበሬው ማሳውን እስኪያቋርጥ ካሜራው ቆሞ ይጠብቀዋል። ለቲኬት ሽያጭ የሚሠራ ፊልም ይህን ያህል ትዕግሥት አይፈቀድለትም፤ ገንዘቡን ያወጣው ሰው «እዚህ ጋ ቁረጠው» ይላልና።

የክርክሩ እምብርት ያለው እዚህ ነው። ፊልም ከሥነ ጽሑፍና ከሥዕል የሚለየው ዋጋው ነው። ገጣሚ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይሠራል፤ ዳይሬክተር ግን ካሜራ፣ መብራት፣ የቀረጻ ቡድን፣ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ይህን የሚከፍል ሰው ደግሞ በታሪኩ፣ በተዋናዮቹና በመጨረሻው ቅንብር ላይ መናገር ይፈልጋል፤ በአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪ የመጨረሻውን ቅንብር የመወሰን ሥልጣን ለጥቂት ዳይሬክተሮች ብቻ የሚሰጥ ነው። ኑሮው በፊልሙ ላይ የተንጠለጠለ ሰው በዚህ ድርድር አቅም የለውም፤ የቤት ኪራይ ሲደርስበት ይስማማል። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚያገኝ መምህር ግን «እምቢ» ማለት ይችላል፤ «እምቢ» ብሎም ቤተሰቡን ያበላል። የመምህርነት ደመወዝ ለአንድ ፊልም አይበቃም፣ ማንም ይበቃል አይልም። የሚገዛው ጊዜን ነው፤ ትክክለኛው ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ የመጠበቅ አቅምን።

«ሳንኮፋ» የዚህ ምስክር ነው። አንዲት የዘመኗ ሴት በጋና ባሪያ ይታጎርበት ወደነበረው የባሕር ዳርቻ ምሽግ ትገባለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተወስዳ የሸንኮራ እርሻ ባሪያ ሆና ትኖራለች። ባሮቹ በፊልሙ ውስጥ አዳኝ የሚጠብቁ ምስኪኖች አይደሉም፤ የሚያሤሩ፣ የሚከዱ፣ የሚያምፁ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ነጭ ጀግና ሳይጨምሩበት ለመሥራት ገንዘብ ማሰባሰቡ ብቻ ዓመታትን ፈጀ። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን የሚያከፋፍለው ድርጅት አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ፊልሙን በራሳቸው አከፋፋይ ድርጅት በኩል ይዘው ወጡ፤ ሲኒማ ቤት ተከራዩ፣ ከየከተማው የጥቁር ማኅበረሰብ ሰዎች ጋር ተባብረው ከዋሺንግተን ጀምረው ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት። ሰው ተሰልፎ አየው። በኋላም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ በጆርጂያ ጎዳና ላይ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ መጻሕፍት ይሸጥበታል፣ ቡና ይጠጣበታል፣ ፊልም ይታይበታል፣ ክርክር ይካሄድበታል። አባታቸው ተውኔታቸውን በየገጠሩ ይዘው ይዞሩ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ስርጭት አዲስ ዘዴ አይመስለውም። ተመልካችን በር ድረስ ሄዶ ማግኘት፣ ካየ በኋላም ተቀምጦ ማነጋገር የመምህር ጠባይ ነው፤ አንድ ዳይሬክተር ይህን ጠባይ ያዳበረው በክፍል ውስጥ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያስገርመኝ እነሱ ያፈሩት ነገር ነውና። በሃዋርድ በኃይሌ ክፍል ካለፉት መካከል ስማቸው የገነነው አብዛኞቹ የካሜራ ሰዎች ናቸው። ኧርነስት ዲከርሰን በዩኒቨርሲቲው አርክቴክቸር እየተማረ የፊልም ትምህርታቸውን ወሰደ፤ በኋላ የስፓይክ ሊን «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» እና «ማልኮም ኤክስ» ቀረጸ። አርተር ጃፋ «ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት»ን ቀርጾ በ1991 በሰንዳንስ የሲኒማቶግራፊ ሽልማት አገኘ፤ በ2019 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ወርቃማውን አንበሳ ወሰደ። ማሊክ ሰዒድ «ክሎከርስ»ን ቀረጸ። ብራድፎርድ ያንግ «ሴልማ»ን ከቀረጸ በኋላ በ«አራይቫል» ለሲኒማቶግራፊ ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሆነ። ከአንድ ትምህርት ክፍል ይህን ያህል የብርሃን ባለሙያ እንዴት ወጣ?

መልሱን ለመረዳት ስለ ፊልም ጥቅል ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። የቀለም ፎቶግራፍና ፊልም በተስፋፋበት ዘመን ላቦራቶሪዎች የቀለሙን ሚዛን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የሷ መልክ ትክክል ሆኖ ሲወጣ ሥራው ትክክል ነው ይባላል። ጥቁር ሰው በዚያው ጥቅል ሲቀረጽ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይሰጥምና ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይቀራል፤ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ሲቆሙማ ችግሩ ይብሳል። ኮዳክ ጥቅሉን ለማሻሻል ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የምርታቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ላይ በደንብ አይለይም ብለው ያሰሙት አቤቱታ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ጥቁር ፊትን በክብር ማብራት ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ አይደለም። መብራቱን ከየት ማምጣት፣ ቆዳውን ምን ማስቀባት፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ምን ቀለም መቀባት፣ ጥላውን ምን ያህል መተው የሚሉት ውሳኔዎች ሁሉ «ይህ ሰው ሊታይ ይገባዋል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይጀምራሉ። ኃይሌ በሕዝብ ፊት ባደረጓቸው ንግግሮች ደጋግመው የሚያነሡት ሐሳብ አለ፤ እያንዳንዱ ፊልም ሠሪ የራሱን አነጋገር፣ የአያቱን ወግና የተወለደበትን ሰፈር ለዛ ይዞ መምጣት አለበት ይላሉ። ይህን ትምህርት የሰማ ወጣት ካሜራ ሲጨብጥ መጀመሪያ የሚጋፈጠው የራሱን እናት ፊት በትክክል ማሳየት የማይችለውን ልማድ ነው። ብራድፎርድ ያንግ በ«ሴልማ» ውስጥ ሰዎቹን በጥቂት ብርሃን፣ በሞቀ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እያንዳንዱን የቆዳ ቀለም ለይቶ ሲያሳየን ከዚያ ጥያቄ የተነሣ መልስ እናያለን።

«ሴልማ»ን ያዘጋጀችው አቫ ዱቨርኔይ ናት። የእሷው ድርጅት አሬይ በ2021 የታደሰውን «ሳንኮፋ» እንደገና ለቆ በኔትፍሊክስ በኩል ለአዲስ ትውልድ አደረሰው። በአንድ ወቅት አከፋፋይ ያጣው ፊልም ዳግም መንገድ ያገኘው የመምህሩ ተማሪ በሠራበት ዙሪያ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። አንዱ የሌላው ቀጥተኛ ምክንያት ነው አልልም፤ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ የመማሪያ ክፍል የሚያስተዋውቃቸው፣ የሚያቀራርባቸውና አንድ ቋንቋ የሚሰጣቸው ሰዎች ግን ለፊልም ከሲኒማ ቤት የማያንስ ማረፊያ እንደሚሆኑ ያሳያል።

የሚቃወመኝ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ዓመታቱን ነው። ከ«ሳንኮፋ» እስከ ቀጣዩ ባለታሪክ ፊልማቸው «ጤዛ» አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ ስለ አድዋ የሠሩትን ጨምሮ ዘጋቢ ፊልሞች አሉ፤ ሌላ ባለታሪክ ፊልም ግን የለም። ይህ ከባድ ኪሳራ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጥፋተኛው ክፍሉ ከሆነ አብረዋቸው የተማሩት፣ ያን ያህል ዘመን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያልቆዩት፣ ብዙ ፊልም ሊሠሩ በተገባ ነበር። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ጁሊ ዳሽ «ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት»ን የሚያህል ሥራ ከሠራች በኋላ ለሲኒማ ቤት የሚሆን ሁለተኛ ፊልም የሚከፍልላት አጥታ ለረጅም ዘመን ለቴሌቪዥን ሠራች። ቻርልስ በርኔት ያንን ሁሉ ዝና ይዞ ሥራው በገንዘብ እጦት ተቆራርጧል። መምህሩም፣ ያን ያህል ዘመን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያልቆዩትም በአንድ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ በሩን የዘጋው ለጥቁር ሕዝብ ታሪክ ገንዘብ የማይመድበው ገበያ ነው። ልዩነቱ ኃይሌ በጥበቃው ዘመን የሚሠሩት ሥራ ነበራቸው፤ «ጤዛ» ሲመጣም ገበያው እንደሚፈልገው ሆኖ አልመጣም። በጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ሕልሙና ትዝታው እየተምታቱበት የአብዮቱን ዘመን ሲያስብ የምናይበት ይህ ፊልም በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። የጸና እምነት ያለው አርቲስት ሲያስተምር ተከታይ ያፈራል እንጂ አርቲስት አያፈራም የሚሉ አሉ፤ ኃይሌ ደግሞ ስለ ሆሊውድ ያላቸውን አቋም ለስልሰው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ፍርዱን ግን ከተማሪዎቹ ሥራ መውሰድ ይሻላል። ዲከርሰንና ያንግ ሆሊውድ ገብተው ሠርተዋል፤ ያንግ ከ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ፊልሞች አንዱን እስከ መቅረጽ ደርሷል። ጃፋ ደግሞ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ውስጥ ሌላ ዓይነት የተንቀሳቃሽ ምስል ሥራ ፈጥሯል። የኃይሌ ልጅ መራዊ ገሪማ በ2020 «ሬዚዱ» በተባለው ፊልሙ በዋሺንግተን ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው ሲገፉ ያሳየበት መንገድ የአባቱ አይደለም፤ የተሰባበረ፣ ውስጣዊና የራሱ ትውልድ ነው። ጽኑ አቋም ያለው መምህር ለተማሪው የሚሰጠው ትልቅ ነገር የሚገፋው ግድግዳ መሆን ነው። አቋም የሌለው መምህር ይህን መስጠት አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የኛው የኢትዮጵያውያን ነው፤ የሚያመውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ልጆች ሆነ፣ ለኛ ምን ተረፈን? ኃይሌ በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። ተሾመ ገብርኤል በዚያው ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በ2010 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ አስተምረዋል፤ በ1982 ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ የሚናገር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ጽሑፎቻቸው የቅኝ ተገዢ ሕዝቦች ፊልም ሆሊውድን ከመቅዳት ተነሥቶ የራሱን ትዝታ ወደ መፈለግ፣ ከዚያም ወደ ትግል የሚሄድበትን መንገድ ለዓለም የፊልም ጥናት ካስተዋወቁት መሠረታዊ ሥራዎች መካከል ናቸው። ሳሌም መኩሪያ በዌልስሊ ኮሌጅ እያስተማሩ ነው የቀይ ሽብርን ዘመን በገዛ ወንድማቸውና በቅርብ ጓደኛቸው ታሪክ በኩል የሚያወሳውን «የወንዝ ማዕበል» የሠሩት። የባርቤዶስ ተወላጅ ከሆኑና ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች አዲስ አበባ የተወለዱት አብዪ ፎርድ ለብዙ ዓመታት በሃዋርድ ፊልም ካስተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው አስተምረዋል። ከፊልም ወጣ ብንልም ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን በዚያው ሃዋርድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩ ወሰኔ ኮስሮፍን የመሰለ ሠዓሊ በእጃቸው አልፏል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ኮሌጅ በእስክንድር ስም ተሰይሟል፤ የፊልም ትምህርትም በዚያው ኮሌጅ ሥር ሲሰጥ ቆይቷል። አብዛኛውን የማስተማር ዘመኑን በውጭ ያሳለፈ ሰው ስም በአገር ቤት የኪነ ጥበብ ትምህርት ደጃፍ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። እንግዲህ የሠዓሊውን መምህርነት የኛ ብለን ከተቀበልን የፊልም መምህራኑን ምን ያስቀርብናል?

ይህን ጥያቄ የምንመልስበት መለኪያ ደግሞ ከሌላ መበደር አያስፈልገንም። ኃይሌ የተወለዱባት ጎንደር የቤተ ክህነት ትምህርት ወንበር የተዘረጋባት አገር ናት። የአቋቋም ወይም የትርጓሜ ሊቅ የሚታወሰው በጻፈው መጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ ብዙዎቹ አንድም መጽሐፍ አልጻፉም። የሚታወሱት ማን ከማን ተማረ፣ እሱስ ማንን አስተማረ በሚለው የመምህራን ሐረግ ነው። ተማሪው ከሩቅ አገር ቢመጣም የመምህሩ ሐረግ አካል ይሆናል፤ ተመልሶ በሄደበትም ወንበር ሲዘረጋ የመምህሩ ስም አብሮ ይነሣል። የኃይሌን ሥራ በዚህ ዓይን ብናይ ጥቂት ፊልም የሠሩ ዳይሬክተር ሳይሆኑ ከሎስ አንጀለስ ተቀብለው በዋሺንግተን ያስረከቡ፣ ፍሬአቸውም በቬኒስና በሰንዳንስ የታየ መምህር ሆነው እናገኛቸዋለን።

በአገር ቤት ያለው ጉድለትም የሚታየው በዚህ በኩል ነው። በ2000ዎቹ ዲጂታል ካሜራ ሲረክስ የአማርኛ ፊልም በብዛት መውጣት ጀመረ፤ ሲኒማ ቤቶች ሞሉ፣ ብዙ ወጣቶች በድፍረት ሠሩ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው። ያልነበረው ከቀደመው ትውልድ የሚቀበሉት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ወጣት ከዜሮ ጀመረ። በሆላንድ ይሠሩ የነበሩት ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ አዲስ አበባ ውስጥ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን ማቋቋማቸው አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ ሲመለስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል፤ ግን አንድ አካዳሚና አንድ ኮሌጅ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ አይበቁም። ወንበራቸውን ባሉበት አገር እንደዘረጉ የሚቀሩት መምህራን ትምህርትም ቢሆን ዛሬ ባሕር ለመሻገር መርከብ አያስፈልገውም።

ስለዚህ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላም አገር ፊልም የምታስተምሩ ኢትዮጵያውያን፣ ክፍላችሁ ውስጥ የምትናገሩትን በአማርኛ አስቀርጹ፤ አንድ የትምህርት ወቅት እንኳ ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደር ወይም ለመቀሌ ተማሪዎች ስጡ። የአገር ቤት የፊልም ትምህርት ክፍሎች ደግሞ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በክፍል አሳዩ፣ ካሜራው ስለምን እንደሚቆይ ከተማሪ ጋር ተከራከሩበት። የኢትዮጵያን ሲኒማ ታሪክ የምትጽፉ ሰዎችም የሃዋርድን የመማሪያ ክፍል በግርጌ ማስታወሻ አትለፉት፤ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል፤ የተማሪዎቹም ስም ከመምህሩ ስም ጋር ይጻፍ።